ውሻው የቆመበት ጠርዝ

ቺንጋው መበጠሱ ለቤተሰቡ በይፋ የተነገረው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ዜናውን ያሰማው ጋሼ ነበር። ጋሼ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ የቤቱም የበኩር ልጅ ነው፤ ክፉም ሆነ ደግ ወደ እኛ የሚደርሰው በእሱ አፍ ነው። ስልኩን ሳነሳ እንደምን አደርክ እንኳን አላለኝም።

«ቆመሃል ወይስ ተቀምጠሃል?»

«ቆሜያለሁ ጋሼ።»

«ተቀመጥ። እሷም አጠገብህ ካለች ትቀመጥ።»

ተቀመጥን። ባለቤቴ አንድ እጇን ደረቷ ላይ ጭና ጆሮዋን ከስልኩ ጋር አጣበቀች። ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የአባባ ፕሮጀክተር ቺንጋ ተበጥሷል» አለ፣ ዜና አንባቢን በሚያስንቅ ድምፅ። «ዛሬ ጠዋት። አጠገቡ ነበርኩ። ምንም ማድረግ አልተቻለም።»

ሌላ ቤት ቢሆን ሰው ይስቅ ነበር። እኛ ቤት ባለቤቴ ማልቀስ ጀመረች። ለቅሶው ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው።

ፕሮጀክተሩ የአባባ ነው። አባባ አማቼ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መሬት ሲቀይሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ቀያሽ። በጉልምስናቸው ዘመን ቤተሰብ የሚቀረጽባት ትንሽ የፊልም ካሜራና ፊልሙን ግድግዳ ላይ የሚያሳይ ማሽን ገዙ። ካነሷቸው ፊልሞች ውስጥ እርጥበት ሳይበላው የተረፈው አንድ ጥቅል ብቻ ነው። ድምፅ የለውም። አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

ይህን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየሁት ፈጣሪ ይወቀው። ልጆቹ በተሰበሰቡ ቁጥር አባባ መጋረጃ ያዘጋሉ፣ ማሽኑን ራሳቸው ከሣጥኑ ያወጣሉ፣ ፊልሙን ራሳቸው ያጎርሱታል። ሌላ ሰው እጁን ሲዘረጋ ካዩ ይስላሉ፤ የተዘረጋው እጅ ወደ ኪስ ይመለሳል።

የቤተሰብ ፊልም ይባል እንጂ ነገሩ ሰልፍ ነው። አባባ ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተክለው ልጆቻቸውን በቁመት አሰልፈዋል። ልጆቹ በሰልፍ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ በሰልፍ ብርቱካን ይልጣሉ፤ በሰልፍ መኪና ያጥባሉ። እማማ፣ ማለትም አማቴ፣ ከኋላ በግራ በኩል ቆመዋል፤ አንድ እጃቸው ግን ከክርኑ በታች የለም፤ የፊልሙ ጠርዝ ቆርጦታል። በመሐል ልጆቹ በድንገት ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግራ ያዞሩና ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። የሚያስቃቸው ነገር አይታይም።

ሙሽራ ሆኜ መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ጠይቄ ነበር።

«ምንድን ነው እንዲህ ያሳቃችሁ?»

«ውሻው» አለ ጋሼ።

«የጎረቤት ውሻ ነበረ» አለች ነርሷ። ነርሷ የምንላት መካከለኛዋን ልጅ ነው፤ ሥራዋም ጠባይዋም ያው ነው።

«በሁለት እግሩ ይቆም ነበር እኮ» አለች ባለቤቴ፣ የሁሉ ታናሽ።

ከዚያ ወዲህ ፊልሙ በታየ ቁጥር ውሻው ይነሳል። ጋሼ ጥቁር ነበር ይላል። ነርሷ ቡናማ ነው ብላ ትሟገታለች። ባለቤቴ ነጭ ሆኖ ጆሮው ላይ ጥቁር ጣል ያለበት ነው ባይ ናት። ክርክሩ ሲግል አባባ «ውሻ ውሻ ነው» ብለው ይዘጉታል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነበር። ድንበር ስቶ የማያውቅ ቀያሽ የገዛ ሚስቱን ክንድ ቆርጦ መቅረጹ አይዋጥልኝም ነበር። ግን አማች ነኝ፤ አማች የሚጠየቀውን እንጂ የሚገርመውን አይናገርም።

እማማ ፊልሙን አያዩም። ፊልሙ ሲታይ ሁልጊዜ ኩሽና ውስጥ እሳት ላይ የጣዱት ነገር አይጠፋም፤ ሊገነፍልባቸው የሚደርሰውም ልክ መጋረጃው ሲዘጋ ነው።

ታዲያ ባለፈው ነርሷ እማማን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ የማየት ችሎታቸው ከመሐል ጀምሮ እየጠፋ እንደሆነ፣ ለጊዜው የሚቀራቸው ዳር ዳሩ እንደሆነ፣ መድኃኒትም እንደሌለው ነገራቸው። «በቀረው ይጠቀሙበት» አለ። እማማ ቤት ሲደርሱ ኮታቸውን ሳያወልቁ መተላለፊያው ላይ ቆመው «ያንን ፊልም አሳዩኝ» አሉ።

ማንም የጠበቀው አልነበረም። አባባ ሳይቀሩ ጉንጫቸውን አክከው «ይታያል» ብለው ለእሁድ ከሰዓት በኋላ ቀጠሩ። ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን ሊሞክሩት ሲያስነሱት ቺንጋው ለሁለት ሆነ። እንግዲህ ለቅሶው የዚህ ነው።

«አንተ መጥተህ ታየዋለህ» አለኝ ጋሼ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ የስፌት ማሽን ነው የምጠግነው።»

«የስፌት ማሽን ቺንጋ የለውም?»

«አለው።»

«ይኼም አለው። ታዲያ ምን ቀረህ?»

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ።

የአባባ ክፍል እንደ ድሮ መሥሪያ ቤታቸው ነው። ካርታዎች በቱቦ ተጠቅልለው ጥግ ቆመዋል፤ ከሚስማር ላይ አንድ የናስ ቱንቢ ተንጠልጥሏል፤ ጠረጴዛው ላይ እርሳሶቹ እንኳ በቁመት ተሰልፈዋል። አባባ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠዋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ አቀማመጣቸው ይኼው ነው፤ የሚበርዳቸው እንዲመስለን ይፈልጋሉ፤ እኛም በበጋ መስኮት እንዘጋላቸዋለን።

«ና እስቲ፣ የልብስ ሰፊዎች ሐኪም» አሉኝ።

የማሽኑን የጎን ክዳን በካቻቢቴ ፈታሁት። ቺንጋው ሞተሩን ፑሌጃ ከሚባለው መዘውር ጋር የሚያገናኝ ቀጭን የጎማ ቀለበት ነበር። አሁን ቀለበትነቱ አብቅቷል፤ ግማሹ እንደ ሬንጅ ቀልጦ ፑሌጃው ላይ ተጣብቋል፣ ግማሹ ጣቴን ተከትሎ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ።

«ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል ነበር የምለው» አልኩ። «ይኼ ጭራሽ ቀልጧል።»

«የሚደርቀው ሰው ነው» አሉ አባባ። ከዚያ አንድ እጃቸውን ከብብታቸው አውጥተው ጣታቸውን ቀሰሩ፤ ጣቱ አየር ላይ ተወዛወዘ፤ ቶሎ መለሱት። «ስማኝ። የሚሄድ ፊልም አይቆምም። ከቆመ አምፖሉ ይበላዋል። የጋሼህን ጉልበት ያቃጠልኩት ለአንድ አፍታ ላስነጥስ ብዬ ነው።»

እውነት ነው፤ ፊልሙ ላይ አንድ ቦታ የጋሼ ጉልበት ቡናማ ቀዳዳ ሆኖ ብልጭ ብሎ ያልፋል።

«አምፖሉን ለሙከራ አታብራ። ያለችን እሷው ናት፤ ዛሬ የሚሠራት የለም። ቺንጋውን ቀይር፣ ዘይት የሚጠጣውን ዘይት አጠጣ። መስኮቷን ግን እንዳትነካ።»

መስኮቷ የሚሏት ፊልሙ በአምፖሉ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑ ሾልኮ የሚወጣባትን አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው። ከጣት ጥፍር ታንሳለች። ግድግዳው ላይ የሚታየው ዓለም በሙሉ የሚያልፈው በእሷ ነው።

«ቆሻሻ ቢኖርባትስ አባባ?»

«ያለው ይኑርባት።»

ሥራዬን ጀመርኩ። ከቦርሳዬ ያወጣሁት የመጀመሪያው የስፌት ማሽን ቺንጋ በጣም ጠበበና ሞተሩ እንደ ታመመ ሰው አቃሰተ። ሌላው ላላና ፑሌጃው ቆሞ ቺንጋው ብቻ ዞረ። ሌላ ሞከርኩ፤ ያኛው ያዘ። ያ የተባረከ ማሽን መንኮራኩሮቹን አንድ በአንድ አነቃቅቶ ማጉረምረም ሲጀምር አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያዳመጡ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እጃቸው ከብብታቸው ወጥቶ ጭናቸው ላይ ወድቋል። አይንቀጠቀጥም። ለካ የሚያርፈው ሲተኙ ብቻ ነው።

ችግሩ ሬንጁ ነበር። ማሽኑ ቺንጋው እየቀለጠ ሲዞር ጠብታውን በየቦታው ረጭቶታል፤ ሌንሱ ሥር፣ ፊልሙን ጫን የሚያደርገው ብረት ላይ፣ መስኮቷ ደጃፍ ድረስ። በአልኮል የነከርኩትን ጥጥ ይዤ እየጠረግኩ ስጠጋ መስኮቷን አየኋት። አልነካኋትም፤ አየኋት። አራት ማዕዘንነቷ ጎድሏል። ከአምፖሉ ወገን፣ በአንድ ጎኗ ላይ፣ ከክር ትንሽ የምትሰፋ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎባታል። በምላጭ የተቆረጠች፣ ቀጥ ያለች፣ ጠርዟ ቱንቢ የወረደላት የምትመስል። ቀያሽ የለጠፋት ለመሆኗ ምስክር አያስፈልግም።

ብርሃን እንዳይሾልክ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ራሴ አላመነኝም።

ፊልሙን መመርመር ደግሞ የሥራው አካል ነው፤ የጎን ቀዳዳዎቹ ከተቀደዱ ማሽኑ ውስጥ ይኮማተራል። ጥቅሉን ወደ ክፍሉ መስኮት ወስጄ፣ የመርፌ ጫፍ የምመለከትበትን አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ፣ ፊልሙን በብርሃን ላይ ዘርግቼ አየሁት። ቀዳዳዎቹ ደህና ናቸው። ልጆቹ ግን አራት ናቸው።

ከጋሼ በስተግራ፣ ከእሱ በግማሽ ጭንቅላት የምትረዝም ልጅ ቆማለች። የእማማን የጠፋ እጅ የያዘችው እሷ ናት፤ እጁ እስከ ጣቱ ድረስ ሙሉ ነው። ወረድ ብዬ ስፈልግ የሳቁ ቦታ ላይ ደረስኩ። ልጅቷ መጥረጊያ እንደ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ ደረቷን ነፍታ፣ በሰልፉ ግራ ጫፍ ወታደራዊ ሰላምታ ትሰጣለች። ለማን? ለካሜራው። ከካሜራው ኋላ ለቆሙት ሰውዬ።

ውሻ የሚባል ነገር የለም።

ጥቅሉን መልሼ ስጠቀልል ጠረጴዛው ላይ የፊልም መቁረጫዋን አየኋት፤ ዘይት ተቀብታ፣ በጨርቅ ተሸፍና፣ አጠገቧ የማጣበቂያው ጠርሙስ። አባባ ሊቆርጧት ይችሉ ነበር። አንድ ቀን ተናደው መጋረጃ ዘግተው ቢቀመጡ ኖሮ ግራ ጎኑን በሙሉ በምላጭ ማስወገድ አያቅታቸውም ነበር። የሠሩት ሌላ ነው፤ ፊልሙን ትተው መስኮቷን ሸፈኑ። የተለጠፈ ነገር መነሳት ይችላል። ይህን አስበውት ይሁን አይሁን አልጠየቅኳቸውም፤ ተኝተዋል።

እቤቴ ስመለስ ባለቤቴ ዕቃ እያጠበች ነበር። ወሬውን እንደ ዋዛ ጣል አደረግኩት።

«ፊልሙ ላይ ግራ በኩል ያለችው ልጅ ማን ናት?»

ሳህኑ ሳሙና ውስጥ ቆመ።

«የጎረቤት ልጅ ናት» አለች።

«የእማማን እጅ ይዛ?»

«ጎረቤት እጅ አይይዝም? ተወኝ እስቲ፣ ዕቃዬን ልጠብ።»

ነርሷ ዘንድ ደወልኩ፣ የእማማ የዓይን ጠብታ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለመጠየቅ በሚል። እግረ መንገዴን ልጅቷን ጠየቅኩ። ነርሷ አላቅማማችም። «የአክስታችን ልጅ ትሆናለች። ለእረፍት ትመጣ ነበር። ጠብታው ጠዋትና ማታ ነው።»

የባለቤቴ አክስቶች ልጅ እንደሌላቸው የሠርጋችን ቀን ራሳቸው አልቅሰው ነግረውኛል።

ቀጥሎ ጋሼ ዘንድ ደውዬ ያንኑ ጠየቅኩ።

«የት ጋ ነው ያየሃት?»

«ግራ በኩል።»

«ግራ በኩል ያለው ውሻው ነው።»

«መጥረጊያ ይዟል እኮ ጋሼ።»

«የሠለጠነ ውሻ ነበር» አለና ዘጋው።

አንዲትን ልጅ ሦስት እህትና ወንድም ሦስት ቦታ ሲደብቋት፣ የት እንዳለች ባላውቅም የማን እንደሆነች ገባኝ። ባለቤቴን አልጎተጎትኳትም። እንግዲህ ስጋባ ሦስት ልጆች ናቸው ብለውኝ ነበር፤ የተቆጠረልኝን ተቀብዬ ነበር የኖርኩት።

እሁድ ረፋዱ ላይ ማሽኑን ልገጣጥም ሄድኩ። እማማ ኩሽና በር ላይ ቆመው ጠሩኝ። ያቺን ሰማያዊ ሹራባቸውን ለብሰዋል። የሹራቧን ነገር ሳልናገር አላልፍም። በእጅ የተሠራች፣ አንገቷ ላይ ትንንሽ ቅጠል የተጠለፈባት ናት። እኛ ነርሷ ያመጣችላቸው ይመስለን ነበር። ነርሷ የጋሼ ሚስት ሥራ ነው ትላለች። የጋሼ ሚስት ደግሞ እኔን እያየች «እናንተ ደግሞ ስታምሩ፣ ለእማማ ሹራብ!» ብላ መርቃኛለች። ማን ሠራልዎ ሲባሉ እማማ «ልጄ» ብለው ያልፋሉ፤ ቀልድ ይመስል ነበር፤ ከልጆቻቸው ውስጥ ቁልፍ አስተካክሎ የሚተክል እንኳን የለም።

እማማ አገጬን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩኝ።

«አትንቀሳቀስ። ፊትህን ለማየት ጆሮህን ነው ማየት ያለብኝ። ቀጥ ብዬ ሳይህ አንገት ብቻ ነህ።»

«ደህና ነኝ እማማ፣ ፊቴም ያው ነው።»

«መስኮቷን እንዳትነካ ብለውሃል አይደል?»

«አዎ» አልኩ።

«እኔ ደግሞ ጥሩ አድርገህ ወልውላት እልሃለሁ።»

«እማማ፣ እኔን መሐል ላይ ምን አድርግ ነው የምትሉኝ…»

«አንሳ አልኩህ? ወልውል ነው ያልኩህ። በጽዳት የሚቆጣ ሰው አለ?» ድምፃቸው ወረደ። «ይኼን ያህል ዘመን የማይገነፍል ድስት ስጠብቅ ኖሬያለሁ፣ ልጄ። ታላቋ ልጄ ከአባቷ ተጣልታ ከወጣች ወዲህ፣ የለችም ሲሉኝ እንዳልሰማ ኩሽና ገብቼ። ሹራብ ለብሼ ማን ሠራው ስባል ዋሽቼ። ድምፅዋን በስልክ እሰማለሁ፤ እጅ ሥራዋን እለብሳለሁ፤ መልኳን ግን ረሳሁት። አሁን ደግሞ ዓይኔ ሊሄድ ነው። ሳይሄድ አንድ ጊዜ ልያት። ከዚያ ይሂድ።»

መልስ አልጠበቁም። ዞረው እሳቱን አጠፉ። ድስቱ ውስጥ ምንም አልነበረም።

እንግዲህ እኔ የታዘዝኩትን የምሠራ ሰው ነኝ። አባባ አትንካ አሉ፤ ፕላስተሩን በጥፍሬም በካቻቢቴም ንክች አላደረግኩትም። እማማ ወልውል አሉ፤ መስኮቷን በአልኮል በራሰ ጥጥ ከፊትም ከኋላም፣ በአራቱም ጠርዝ፣ ደጋግሜ ወለወልኩ። ጥጡ ስንት ጊዜ ፕላስተሩ ላይ እንዳረፈ ጥጡን መጠየቅ ነው። ስጨርስ ፕላስተሩ በቦታው ነበር። ሁለቱንም አክብሬያለሁ ብዬ እጄን ታጠብኩ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም መጣ። ሳሎኑ ትንሽ ነው፤ ግድግዳው ለዚሁ ፊልም ሲባል ሥዕል ሳይሰቀልበት ነጭ ሆኖ የኖረ ነው። ጋሼ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጠ። ነርሷ ሶፋው ጫፍ። ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ምንጣፍ ላይ፣ እንደ ልጅነቷ። እማማ ለመጀመሪያ ጊዜ ኩሽና አልገቡም፤ ወንበራቸውን ከግድግዳው ፊት አስቀምጠው፣ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። ሁሉም ይህን አየና ሁሉም ያላየ መሰለ።

አባባ ማሽኑ አጠገብ ቆሙ። የፊልሙን ጫፍ ይዘው ወደ መጀመሪያው ጥርስ አስጠጉት፤ ጫፉ ጥርሱን ሳተው። ደግመው ሞከሩ፤ ሳተ።

«ይበርዳል» አሉ አባባ።

«እውነት ነው» አለ ጋሼ፣ ግንባሩን ላብ እየጠረገ።

«አንተ ያዘው» አሉኝ። እኔ እያጎረስኩ እሳቸው እየነገሩኝ ፊልሙን አስገባን። ከላይ ላላ ያለ ዘለበት ተውለት፣ ከታችም ተውለት፣ ካልተነፈሰ ይበጠሳል፣ አሉኝ። መጋረጃው ተዘጋ። ሞተሩ ተነሳ፤ አዲሱ ቺንጋ ሳይንሸራተት ያዘ፤ አምፖሏ በራች።

ልጆቹ በሰልፍ እጃቸውን አወዛወዙ።

«ጋሼ፣ እንዴት ቀጫጫ ነበርክ!» አለች ነርሷ። ይህን ሁልጊዜ ትላለች።

«ሥጋ እናንተ ትበሉት ነበራ» አለ ጋሼ። እሱም ሁልጊዜ ይላል።

በሰልፍ ብርቱካን ተላጠ። የእማማ እጅ ከክርኑ ላይ ተቆርጦ ቆሟል። እማማ ራሳቸውን አዘንብለው ያዩታል።

«አሁን ውሻው ይመጣል» አለች ባለቤቴ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ጥቁሩ» አለ ጋሼ።

«ቡናማው።»

ያን ጊዜ ነው የግድግዳው ግራ ጠርዝ ሲንቀሳቀስ ያየሁት።

ፊልም ማሽን ውስጥ ተዘቅዝቆ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ መስኮቷ ላይ ሙጫው ለቅቆ ወደ ታች የሚንሸራተት ነገር ግድግዳው ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ጥቁሩ ጠርዝ ከታች በኩል፣ ቀስ እያለ፣ እንደሚጠቀለል መጋረጃ መነሳት ጀመረ። መጀመሪያ ጫማ ታየ። ነጭ ጫማ፣ አንደኛው ማሰሪያው የተፈታ። ቀጥሎ ካልሲ። የተቧጨረ ጉልበት። የቀሚስ ጠርዝ።

የማሽኑ መንቆር ብቻ ይሰማል።

ጋሼ ተነሳ። ትልቅ ሰውነቱን ይዞ በሁለት እርምጃ ማሽኑ ጋ ደረሰና ማጥፊያው ላይ እጁን ሰደደ።

«ተወው» አሉ አባባ።

«አባባ፣ ላጥፋው፣ ተበላሽቶ ነው…»

«ከቆመ ይቃጠላል። ተወው።»

ጋሼ ማጥፊያውን እንደያዘ ቆመ። ማጥፊያው መብራቱንም ሞተሩንም አንድ ላይ የሚያጠፋ መሆኑን፣ በአንድ ላይ ከጠፉም የሚቃጠል ነገር እንደሌለ እኔም አውቃለሁ፣ ጋሼም ያውቃል፣ ማሽኑን የገዙት አባባም ያውቃሉ። አንዳችንም አላረምናቸውም።

ጥቁሩ ወጣ። የእማማ ጣቶች ታዩ፤ በጣቶቹ መሐል የሌላ ሰው ጣቶች ነበሩ፤ ቀጥሎ መዳፍ፣ ቀጥሎ አንጓ፤ ክንዱ ከክርኑ ጋር ተገናኘ። ከዚያ ትከሻ። ከዚያ አገጭ። ከዚያ ፕላስተሩ ለቀቀና ግድግዳው ሙሉ ሆነ፤ ልጅቷ መጥረጊያዋን አጋድማ፣ ደረቷን ነፍታ፣ ጉንጮቿን በሳቅ ወጥራ፣ ለአባቷ ሰላምታ ሰጠች። ከጎኗ ሦስቱ ልጆች ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ሳሎን ውስጥ ያሉት ሦስቱ አልሳቁም። ጋሼ ማጥፊያውን ለቅቆ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ነርሷ የሶፋውን ትራስ አቅፋለች።

እማማ ፊታቸውን ከግድግዳው አዞሩ። ደነገጥኩ፤ ያን ሁሉ ለፍተን ዞሩብን አልኩ። ትኩር ብለው የሚያዩት መጋረጃውን ነው፣ ምንም የሌለበትን ጨርቅ። ከዚያ ጆሮዬን ሲያዩ ፊቴን እንደሚያዩ ትዝ አለኝ። ፊልሙ እስኪያልቅ ከመጋረጃው ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። መኪናው ታጠበ፤ በሰልፍ፤ አራት ሆነው። ልጅቷ ጋሼን ውሃ ረጨችው። ቡናማው የጉልበት ቀዳዳ ብልጭ ብሎ አለፈ።

ፊልሙ አለቀ። ጫፉ ከጥርሱ ወጥቶ መጠቅለያው ላይ ጠፍ ጠፍ እያለ መዞር ጀመረ። ግድግዳው ነጭ ሆነ፤ ክፍሉም በነጩ በራ፤ አምፖሏን የሚያጠፋ ሰው አልነበረም።

አባባ ከማሽኑ አጠገብ ቆመዋል። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ አልሸጎጡትም፤ በሰው ሁሉ ፊት ይንቀጠቀጣል።

«ጫማዋን ማሰር አትወድም ነበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ የሚያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ የማይጠብቅ ሰው በሚጠይቅበት አጠያየቅ፣ ጠየቁ።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አለ ጋሼ ከወለሉ ላይ፣ «ደህና ናት» አለች ነርሷ ከሶፋው፣ «ደህና ናት» አለች ባለቤቴ ከመስኮቱ ሥር፣ «ደህና ናት» አሉ እማማ ወደ መጋረጃው፤ ሁሉም በአንድ አፍ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ።

ከዚያ፣ ለካ አንተም፣ ለካ አንቺም በሚል ዓይን፣ በነጩ ብርሃን ውስጥ ተያዩ።